ቁጥር አርባ ሦስት

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሰባተኛ «ለ» መጣ፣
ሃምሳ ስምንት ተማሪ ከሁለት አውቶቡስ ወጣ፤
ግማሹ ሙዝ ይልጣል፣ ግማሹ ይጋፋል፣
አቶ አንሙት ከበሩ «ጫማ ጥረጉ!» ይላል።

ሥራዬ ይኸው ነው፦
በሥነ ዜጋ መጽሐፋቸው፣ ምዕራፍ ሁለት፣
እንደ ቋንጣ ደርቆ የተሰቀለውን ሕግና መብት
አውርጄ ውኃ እነክራለሁ፤
ጥርሳቸው እስኪደፍረው እጠብቃለሁ።

መነሻዬ ሁልጊዜ ቁራኛው ነው፦ ሁለት የብረት ቀለበት፣
በመሃላቸው አንድ ክንድ የማይሞላ ሰንሰለት።
«ከሳሽና ተከሳሽ በዚህ ተሳስረው
አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ፣
ዳኛ ፊት እስኪቆሙ ድረስ አብረው።»
ብረቱን መንካት ክልክል ነውና፣ ነጠላዬን አውልቄ
የሁለት ልጆች እጅ አስራለሁ፣ ደህና አድርጌ አጥብቄ።
ዛሬ የደረሰው ለእንየው ነው፣ ለክፍሉ አሳቂ፣
እና ለዘሐራ፣ ለዝምተኛዋ፣ በመስኮት ሐይቁን ጠባቂ።

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ...» ብዬ ስጀምር
«ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ!» አለ ክፍሉ በኅብር።
ከኋላ አንዲት ጣት ወጣች፦ «ጭብጦ ምንድን ናት?»
«ዳቦ» አልኩ፣ «ትንሽዬ።»
«እና ለሷ ነው ይኼ ሁሉ ሙግት?»

ሳቁ ሳያልቅ ዘሐራ፣ እንየውን እየጎተተች፣
ታንኳው ዘንድ ሄዳ ቆመች።
ካርዱን ጮክ ብላ አነበበች፦
«ዕቃ ቁጥር አርባ ሦስት። ታንኳ። ከደንገል የተሠራ።
ርዝመት አራት ሜትር ከሃያ። ያበረከቱት፣ ክቡር አቶ ስማኝ ተፈራ።»

«መምህር፣ መክሰስ እችላለሁ?»
«ማንን?»
«እርስዎን።

ይኼ የአባቴ እጅ ነው። ቋጠሮውን እዩት፣ ወደ ግራ ነው የዞረ፤
አባቴ ግራኝ ነው። የሰጠው ስሙ ተጽፏል፤ የሠራው የት ቀረ?»

ከኋላ አንድ ድምፅ በሰፈሯ ላይ አንድ ቃል ወረወረ።
እዚህ አልጽፈውም፤ የባሕር ዳር ሰው ያውቀዋል፣
ስንት ዘመን እንደኖረ።
እንየው ዞረ። የታሰረ እጁን ከነእጇ አነሣ፦
«በሕግ አምላክ!»
ዝም።
የአቶ አንሙት መጥረጊያ እንኳ አየር ላይ ቀረ።

ሰባት ዓመት ሙሉ በዚህ መስታወት ፊት ቆሜ
እኩልነትን ሳስረዳ፣
ያችን ካርድ ስንት ጊዜ አነበብኳት ደጋግሜ!
ነጠላውን ከእንየው እጅ ፈታሁ፣
በራሴ እጅ አሰርኩት፤
ከከሳሼ ጋር ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ደረጃውን ወጣሁ።

ስብሰባ ላይ ናቸው።

ወረድን። ማመልከቻ ጻፍን፣ ሃምሳ ስምንት ፊርማ አለበት፣
አንዱ የሙዝ እድፍ የነካበት።
በካርዱም ግርጌ፣ እስኪወሰን ድረስ፣
በእርሳስ፦ «ሠሪ፣ እንድሪስ።»

እሑድ አንድ ሰው ከልጁ ጋር መጣ፣ የመግቢያውን ከፈለ፣
ጎንበስ ብሎ ቋጠሮውን ብዙ ጊዜ አስተዋለ።
«የእኔ አይደለም» አለ።
«የሰይድ ነው፣ የታላቄ።
ማሰር ያስተማረኝ፣ ግራ እጄንም ያስለመደኝ እሱ ነው።
ከሞተ ስድስት ዓመቱ።»

ምስክር ሳልሰማ ፈርጄ ኖሯል ለካ!
ላጲስ ፈለግሁ። ዘሐራ አጥፍታ ጻፈች፤
አባቷ ፊደሉን በጣቱ ተከተለ፣ ወረቀቱን ሳይነካ።

ማመልከቻው መልስ አግኝቷል፦ «ጉዳዩ እየታየ ነው።»
አቶ አንሙት ጠዋት ጠዋት መስታወቱን ሲወለውል
ካርዷ ጋ ሲደርስ ጨርቁን ያነሣል።
ነጠላዬን ሁለት ጊዜ አጠብኩት፤
የቋጠሮው እጥፋት አልለቀቀም።
ማክሰኞ ስምንተኛ «ሀ» ይመጣል።